እመቤት እንዲያ አላለችም

«ቀበቶው የታለ?» አለች እመቤት፣ እጇን በወንበሩ ጎንና ጎን እየሰደደች።

ሚኒባሱ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ መውጣቱ ነበር። እመቤት ጋቢና ተቀምጣለች፤ ትዝታ ደግሞ ልክ ከሹፌሩ ጀርባ። ሹፌሩ የትዝታ አባት ይርጋ ነው።

«የምን ቀበቶ?» አለ ይርጋ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

«የወንበሩ ነዋ፣ ጋሽ ይርጋ። ማሰሪያው ይኸው አለ፤ መሰኪያውን ግን አጣሁት።»

«እሱንማ ልብሱ ዋጠው!» ብሎ ሳቀ። ለወንበሮቹ አዲስ ቀይ ልብስ ያሰፋ ጊዜ፣ የጋቢናው ቀበቶ መሰኪያ «ሰው ይወጋል» ተብሎ ከሥር ተሸፍኖ ቀርቷል። «ደግሞ ምን ያደርግልሻል? የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«ዱባይ ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንኳ ያስራል። ለምጄው ነው መሰለኝ፣ ሳላስር ስቀመጥ ደስ አይለኝም።»

«እዚያ የሚነዱት አይችሉማ!»

ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች በሳቅ አውካኩ። እመቤትም ፈገግ አለችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ጎረቤታቸው ናት። ዱባይ በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ከተመለሰች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ አሁን ከቤታቸው ፊት ለፊት ልብስ ትሰፋለች። የትዝታን የትምህርት ቤት ቀሚስ ያሳጠረችላት እሷ ናት። የዚያን ቀን ለበዓል የሚሆን ጨርቅ ልትመርጥ ወደ ባሕር ዳር እየሄደች ነበር። ትዝታ ደግሞ ሐሙሲት አክስቷ ጋ ሰንብታ ልትመለስ ነው።

ይርጋን የማይወድ ሰው መናኸሪያው ውስጥ የለም። ምጥ የያዛት ሴት ካለች ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይሄዳል። መንገድ ላይ የቆሙ አሮጊት ሲያይ ሳያሳፍር አያልፍም። ጨዋታው ደግሞ ሰዓቱን ያስረሳል። አንድ ነገር ብቻ አይሆንለትም፤ እንዲህ አድርግ መባል። ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን «ተሽሎኛል» ብሎ ጥሎታል። ቀበቶ ማሰር ደግሞ ለእሱ ውርደት ነው። «ጠባዬ ነው፤ መታሰር አልወድም» ይላል። ጓደኛውን በላይነህን፣ መኪናው ቆሞ እያለ እንኳ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ቀበቶ ስለሚያስር፣ «እስረኛው» የሚል ስም ያወጣለት እሱ ነው። አሁን ሹፌሮቹ ሁሉ በላይነህን የሚጠሩት እንደዚያ ነው።

ከከተማው ወጥተው ትንሽ እንደሄዱ ከሩቅ የትራፊክ ፖሊስ ታየ። ይርጋ የራሱን ቀበቶ ሳብ አድርጎ፣ መሰኪያው ውስጥ ሳይከት፣ ደረቱ ላይ ጣል አደረገው።

«እመቤት፣ የቦርሳሽን ማንገቻ በትከሻሽ አሻግሪው፤ ጥቁር ስለሆነ ከሩቅ ቀበቶ ይመስላል።»

«ጋሽ ይርጋ!»

«ኧረ አድርጊው፣ እንዳያስቆሙን!»

አደረገችው። ፖሊሱ እጁን አወዛውዞ አሳለፋቸው። መኪናው ውስጥ እንደገና ሳቅ ሆነ። ይርጋም ቀበቶውን ከላዩ ላይ ወረወረው።

ዓለም በር ሳይደርሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ አንዱን ጠመዝማዛ እንደታጠፉ፣ አንዲት ላም ከጥጉ ወደ መንገዱ ገባች።

ይርጋ ፍሬን ያዘ። ሚኒባሱ ወደ ግራ ሸሸ፣ ተንሸራተተ፣ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ገብቶ ከአፈሩ ጋር ተላተመ። ትዝታ ከፊቷ ካለው ወንበር ጀርባ ጋር ተጋጨች፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ቀና ስትል እመቤት ወንበሯ ላይ አልነበረችም። ከመስታወቱና ከዳሽቦርዱ መሀል ተጣጥፋ ወድቃለች። መስታወቱ ተሰባብሯል። ደም አለ።

ሰዎች በሩን ገንጥለው እመቤትን ሲያወጧት ጩኸት ነበር። ትዝታ ወንበሯ ላይ ፈዝዛ እንደተቀመጠች አባቷን አየችው። መሪው ደረቱን መትቶታል፤ በአንድ እጁ ጎኑን ይዞ ያቃስታል። በሌላው እጁ ግን ከኪሱ ትንሽ ሴንጢ አውጥቶ፣ ወደ እመቤት ወንበር ተንጠራርቶ፣ ቀዩን ልብስ ሸረከተው። ደሙን የሚያስሩበት ጨርቅ የሚፈልግ መሰላት። እሱ ግን ምንም ጨርቅ ሳይዝ ወረደ።

*

ይርጋ ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰንጥቆ ቤት ተኛ። ጠያቂው ብዙ ነበር። ትዝታ ዳቦና ሻይ ይዛ ወደ ሳሎን ስትገባ አባቷ በትራስ ተደግፎ ያወራል።

«ለመንኳት እኮ! ‹እመቤት፣ እባክሽ እሰሪ› አልኳት። ‹ፀጉሬን አሁን ነው የተሠራሁት፣ ይበላሽብኛል› አለችኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? እጇን ጠምዝዤ አላስራት!»

ትዝታ ባለችበት ቆመች።

«ከአረብ አገር የሚመጡት መቼ ሰው ይሰማሉ፣» አሉ አንዲት የሰፈር እናት፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ለመልክ ሲሉ! አሁን ዓይኗን ብታጣው ፀጉሩ ምን ይሆንላታል?»

«እንዲህ ነው የዛሬ ልጅ፣» አለ ሌላው።

ያን ጊዜ ሴንጢው ትዝ አላት። አባቷ ጨርቅ አልነበረም የፈለገው። መሰኪያውን ከተቀበረበት እያወጣ ነበር። እመቤት ደም እየፈሰሳት፣ ሰዎች ክንዷንና እግሯን ይዘው በበሩ ሲያሳልፏት፣ እሱ ይህን አስቦ ነበር። ትዝታ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ከትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሳጅን ባዩ መጣ። ረጋ ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። የይርጋን ቃል ተቀበለ።

«መኪናውን አይተነዋል፣» አለ። «የጋቢናው ቀበቶ ይሠራል። ልብሱ ግን ተቀዷል።»

«በግጭቱ ነው፣» አለ ይርጋ።

ሳጅኑ ወደ ትዝታ ዞረ። «አንቺም እዚያው ነበርሽ አሉ። የሰማሽው ነገር አለ?»

ትዝታ አፏን ከመክፈቷ እናቷ አልማዝ ቀደመቻት። «እሷ ተኝታ ነበር፣ ጋሼ። መኪና ላይ ስትወጣ ወዲያው ነው እንቅልፍ የሚጥላት።»

የእናቷ እጅ ትከሻዋ ላይ ነበር። ይከብዳል። ትዝታ መሬት መሬቱን አየች። ሳጅኑ መዝገቡን ዘግቶ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ሄደ።

የግቢው በር እንደተዘጋ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ የወንበሩን ልብስ የቀደድከው አንተ ነህ። አይቼሃለሁ።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ቀበቶው የታለ ብላ ስትጠይቅህ ሰምቻለሁ! ‹ፀጉሬ› የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም! ለምን ትዋሽባታለህ?»

ይርጋ ሊነሣ ሞከረና ጎኑ ወጋው። «ታዲያ ምን ልበል? ልታሰር? መንጃ ፈቃዴን ልቀማ? ሆን ብዬ ያደረግኩት ነገር ነው? ጠባዬን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ቀበቶ ምናምን...»

«አንተ አትሰር! የሷን ለምን ቀበርከው? ጠባዩ ያንተ ነው፤ ዓይኑ ግን የሷ ነው!»

«ትዝታ!» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ አንቺም ዋሸሽ። አልተኛሁም ነበር።»

አልማዝ ፊቷን አዞረች። «አባትሽ ነው፣» አለች ቀስ ብላ። «እሷ ታማለች፤ ትድናለች። እሱ ከወደቀ ግን ቤቱ ነው የሚወድቀው።»

*

ወሬው ትምህርት ቤት ከትዝታ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ደብተሩን ራሱ ላይ እንደ ሻሽ ደፍቶ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ «ኧረ ፀጉሬን! ኧረ ፀጉሬ!» እያለ በዴስኮቹ መሀል ይንቀጠቀጣል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

«ተው!» አለችው ትዝታ።

«ምን አገባሽ? አባትሽ አይደል እንዴ የተናገረው?»

ደብተሩን ከራሱ ላይ ነጥቃ በመስኮት ወረወረችው። አጠገቧ የምትቀመጠው ሚሚ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ? ሙድ ነው የያዘው እኮ።»

«በሷ ነው የሚሳቀው?»

«ታዲያ ብላለቻ።»

ሚሚ ክፉ አይደለችም። ማንም ክፉ አልነበረም። ሁሉም የሰሙትን ነው የሚያወሩት፤ የሰሙት ደግሞ ከሚወዱት ሰው ነው። ይህ የበለጠ አበሳጫት።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ መናኸሪያው ሄደች። በላይነህ መኪናው አጠገብ ቆሞ መስታወት ይወለውላል። አባቷን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው።

«ጋሽ በላይነህ፣ የጋቢናው መሰኪያ ከወንበሩ ልብስ ሥር እንደነበረ ያውቁ ነበር?»

የሚወለውልበት እጁ ቆመ። ግራና ቀኙን ቃኘ። «ሁላችንም እናውቃለን። ስንት ጊዜ አውጣው ብዬዋለሁ። ‹እስረኛው መጣ› ብሎ ሲስቅብኝ ተውኩት።»

«እንግዲያው ለሳጅን ባዩ ይንገሩልኝ። እመቤትን እየሰደቧት ነው። ትምህርት ቤት ሳይቀር!»

በላይነህ ጨርቁን አጣጠፈ፤ ዘረጋ፤ እንደገና አጣጠፈ።

«ስሚ ልጄ፣ እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ሰው ጠንቃቃ ይለኛል፤ ስለምፈራ ነው እንጂ። ዝናቡን እፈራለሁ፣ ቁልቁለቱን እፈራለሁ፤ ለዚህ ነው የማስረው። ሰውንም እፈራለሁ። ነገ የምውለው እነሱው መሀል ነው። በጓደኛው የመሰከረ ቢሉኝ፣ እዚህ ግቢ እንዴት እገባለሁ?»

«እና ዝም ይላሉ?»

«እኔ ምንም አላየሁም። ዓለም በር አልነበርኩም።»

«እኔ ነበርኩ!»

«አንቺማ ልጁ ነሽ፣» አለ በላይነህ በሐዘን፣ እሷን ግን ከምንም በላይ ያናደዳት ይህ ሐዘኑ ነበር።

ደህና ዋሉ ሳትለው ወጣች። ሽቅብ ወደ ሆስፒታሉ ስትሄድ ጠጠር እየመታች ነው። የሚደፍረው ሰው ደፍሮ ዋሸ። የሚጠነቀቀው ደግሞ ተጠንቅቆ ዝም አለ። ሁለቱም ስለራሳቸው ጠባይ አወሩላት፤ ስለ እመቤት ግን አንዳቸውም አላነሡም።

*

የእመቤት እናት እትዬ ዘርትሁን ሾርባ ሊያሞቁ ወጥተው ነበር። እመቤት በጀርባዋ ተኝታለች። ቀኝ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል፣ ትከሻዋ ታስሯል። ግንባሯን ለመስፋት ሲሉ የራሷን ቀኝ ጎን ላጭተውታል፤ በሌላው በኩል ያለው ሹሩባ ትራሱ ላይ ተኝቷል።

«ትዝታዬ፣» አለች በዝግታ። «ከንፈርሽ እንዴት ሆነ?»

ጭራሽ ትዝታ ስለ ከንፈሯ ትጠየቅ!

«ዓይንሽስ ምን አሉ?»

«ገና ነው። ፋሻው ሲፈታ ይታያል አሉ። ካልሆነ ወደ ባሕር ዳር ይልኩኛል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አንቺ ከኋላ ነበርሽ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«እኔ መናኸሪያው ውስጥ ቦርሳዬን ስጭን ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ድፍን ነው።» ጤነኛ ዓይኗ እንባ ሞላው። «‹ፀጉሬ ይበላሻል› ብያለሁ አሉ። እናቴ ሳትቀር ‹ምናለ ብትሰሚው ኖሮ› ብላ ስታለቅስ ነበር። እኔ እንደዚያ የምል ሰው አይመስለኝም ነበር። ግን ጋሽ ይርጋ አይዋሽም። ብዬ ይሆናል። ሌሊቱ ሁሉ ራሴን ስሰድብ ነው የሚያልፈው።»

ትዝታ የአልጋውን ብረት ያዘች። የእመቤት ዓይን መጎዳቱ አልበቃ ብሎ፣ የምታስታውሰውንም ወስደው በቦታው የራሳቸውን አስቀምጠውላታል። ተኝታ ራሷን የምትወቅሰው እሷ ናት፤ በትራስ ተደግፎ ጠያቂ የሚያጫውተው ደግሞ ይርጋ።

«አላልሽም፣» አለች።

«ምን?»

«እንዲያ አላልሽም። ‹ቀበቶው የታለ› ነው ያልሽው። ገና ከመናኸሪያው ሳንርቅ። መሰኪያው ከወንበሩ ልብስ ሥር ነበር። አባቴ ሳቀብሽ። ትራፊክ ሲያይ የቦርሳሽን ማንገቻ በትከሻሽ እንድታሻግሪ አደረገሽ። ከግጭቱ በኋላ ልብሱን በሴንጢ ቀዶ መሰኪያውን አወጣው። አይቼዋለሁ።»

እመቤት አላለቀሰችም። ጤነኛ እጇን ዘርግታ የትዝታን እጅ ጨበጠች፤ አጨባበጧ ያማል።

«ድገሚልኝ፣» አለች።

ትዝታ ደገመችላት። ሁለተኛው ከፊተኛው ቀለላት።

*

ማታ ራት ቀርቦ ሳለ ተናገረች። እየጮኸች አልነበረም።

«አባዬ፣ ነገ ጠዋት ከትምህርት በፊት ሳጅን ባዩ ጋ እሄዳለሁ። ያየሁትን እነግረዋለሁ። ቀድመህ አንተ ብትነግረው ግን ይሻላል። ስልኩ አለህ፤ ዛሬ ደውልለት።»

ይርጋ የቆረሰውን እንጀራ መልሶ ትሪው ላይ ጣለው። «አባትሽን ልታሳስሪ?»

«እመቤት ራሷን እየሰደበች ነው። አንተን ስላመነችህ። ‹ጋሽ ይርጋ አይዋሽም› አለችኝ።»

ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ወዲያው ግን ቆጣ አለ። «በይ ሂጂ! ከዛሬ ጀምሮ ልጅህ አይደለሁም በያ!»

«ልጅህ ነኝ፣» አለች ትዝታ። «ዝም በይ ስባል የማይሆንልኝ ከማን አምጥቼው ይመስልሃል?»

አልማዝ ሳታስበው ትንፋሿን ሳበች። ይርጋ ከማዕዱ ተነሣ። ወደ መኝታው ሲሄድ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ማንም ሲደውል ትዝታ አልሰማችም።

ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ የአባቷ በር ገርበብ ብሏል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል፤ አተነፋፈሱ ግን የተኛ ሰው አተነፋፈስ አልነበረም። በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። የሚላት ነገር ካለ ልትሰማ ፈልጋ ነበር። ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ።

እናቷ ግቢውን እየጠረገች ነው። መጥረጊያውን እንደያዘች ቀና አለች። ትዝታ አትሂጂ እስክትባል ጠበቀች።

«ውጭው ይቀዘቅዛል፣» አለች አልማዝ በመጨረሻ። «ሹራብሽን ደርቢ።»

የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ በር ገና አልተከፈተም። ደጁ ላይ አንድ የእንጨት አግዳሚ አለ፤ በጤዛ ርሷል። በእጅጌዋ ጠርጋ ተቀመጠች። ተማሪዎች እያወሩ በፊቷ ያልፋሉ። ጥቂት ቆይቶ ሚሚ ብቅ አለች፤ ስታያት መንገዱን አቋርጣ እየሮጠች መጣች።

«አንቺ! ሊደወል ነው እኮ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሳጅኑን እየጠበቅኩ ነው።»

ሚሚ የጽሕፈት ቤቱን በር አየች፤ ከዚያ ትዝታን። ቀስ በቀስ ገባት። «አባትሽ ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ታዲያ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፍሻል። ባዮሎጂ ነው።»

«ይለፈኝ።»

ሚሚ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ «ያመለጠሽን እጽፍልሻለሁ» ብላ ሮጠች።

ከታች በኩል የሞተር ብስክሌት ድምፅ ተሰማ። ሳጅን ባዩ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፍ እያወጣ ወደ በሩ ሲመጣ አግዳሚው ላይ አያትና ቆመ።

«ምነው ልጄ፣ በጠዋቱ?»

«ቃሌን ልሰጥ ነው፣» አለች ትዝታ። እሱ በሩን እስኪከፍት አጠገቡ ቆማ ጠበቀችና፣ ገርበብ እንዳለ ቀድማው ገባች።